ጠያቂና መላሽ በምን ፊደል ይግባባሉ?

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ



ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ኮምፒዩተር አንድ ነገር እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ብዙ ርእስ በሐሳቤ ተመላለሰ። በመጨረሻ የመረጥሁት ግን በክበባችን ውስጥ ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ነው፤ ሰው ከሰማው ይልቅ የደረሰበትን አጥብቆ ያስታውሳልና።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ከሌላው ኮምፒዩተር ጽሑፍ ሲጠይቅ «እኔ ማንበብ የምችለው በዚህና በዚህ ፊደል ነው» ብሎ ምርጫውን የሚገልጽበት ደንብ አለ። መላሹም ያንን ምርጫ በፕሮግራም መርምሮ ይመልሳል። ይህን ሥራ በሚገባ ያልተማረ ፕሮግራም የሰውን ስም እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ የእኛም ፕሮግራም አጥፍቷል።

የነገሩ መነሻ

ባለፈው ዓመት የክበባችን አባሎች አምስት ሆነን፤ ተማሪዎችና ወላጆች የክፍላችንን ውጤት በኮምፒዩተር የሚያዩበት አነስተኛ ፕሮግራም ሠራን። ፕሮግራሙ በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ ባለው ሰርቨር ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን ያህልም ያለ እንከን ሠራ፤ እኛም ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

በወላጆች ቀን ማለዳ፤ እንግዶች እንዳይጉላሉ ብለን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በበሩ አጠገብ አቆምን። በላዩ ላይ ያለው የማንበቢያ ፕሮግራም፤ ማለት ብራውዘሩ፤ ብዙ ዓመት ያልታደሰ ነበር። ከሁሉ ቀድመው የመጡት የአንድ የክፍል ጓደኛችን እናት ነበሩ። ከገበያ ቀን ሥራቸው ተነሥተው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በወንበሩ ላይ ተቀመጡና ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። በመስኮቱ ላይ ቍጥሮች ነበሩ፤ 91፣ 38፣ 74 እያሉ ይወርዳሉ። በስሞቹ ቦታ ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል።

«ልጄ፤ የእኔ ልጅ የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«እትዬ፤ ትንሽ ይታገሡን፤ አሁን እናስተካክለዋለን» አልኋቸው። ነገር ግን አልተስተካከለም። እንዲያውም ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ሮጠን ብንመለከት፤ ትናንት በደኅና ይሠሩ የነበሩት አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያሳዩ ጀመር። ፕሮግራማችን ለፍጥነት ሲል አንድ ጊዜ የላከውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ ይሰጥ ነበርና፤ ለአሮጌው ኮምፒዩተር የተዘጋጀው የተበላሸ ገጽ ለሁሉም ታደለ። ከዚህም የከፋው ነገር እኔ የሠራሁት ነው። የተቀመጠው ገጽ ይበቃል ብዬ የመጀመሪያውን የስም ዝርዝር በዋዜማው ሰርዤው ነበር።

በዚያን ቀን የክፍል ኃላፊ መምህራችን በእጅ የተጻፈውን ሮስተር አውጥተው ባይሰጡን ኖሮ የየትኛው ውጤት ባለቤት ማን እንደ ሆነ በኮምፒዩተሩ ለማወቅ አይቻልም ነበር። ከሮስተሩ እያየን እስኪመሽ ድረስ ስሞቹን እንደገና ጻፍን። ጥፋቱ የአሮጌው ኮምፒዩተር ሳይሆን የእኛ መሆኑን የተረዳነው ከዚያ በኋላ ነው። እንዴት እንደ ሆነ በተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። እኛ «ሀ» ብለን ስንጽፍ እርሱ በውስጡ የሚይዘው ቍጥር ነው። ስለዚህ የትኛው ቍጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስን ስምምነት ያስፈልጋል። ይህን ስምምነት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፊደል ሠንጠረዥ እንለዋለን። ላኪና ተቀባይ አንድ ሠንጠረዥ ከያዙ ይግባባሉ፤ የተለያየ ከያዙ ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው በሌላ ያነበዋል።

ከታወቁት ሠንጠረዦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ ነው። ይህ ያሉት ቦታዎች 128 ብቻ ሲሆኑ የእንግሊዝኛን ፊደላት፣ ቍጥሮችንና የሥርዐተ ነጥብ ምልክቶችን ይይዛል። ከእርሱ በኋላ የመጣው አይኤስኦ-8859-1 የሚባለው ሠንጠረዥ ደግሞ 256 ቦታዎች አሉት። በመጀመሪያዎቹ 128 ቦታዎች አስኪን እንዳለ ይዞ፤ በቀሩት ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛ፣ ለስፓኝኛና ለመሰሏቸው የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉትን ፊደላት ጨምሯል። 256 የተባለበት ምክንያት፤ ባይት የሚባለው የኮምፒዩተር መስፈሪያ ከ0 እስከ 255 ያለውን ቍጥር ብቻ ስለሚይዝ ነው።

የእኛ ፊደል በዚህ ውስጥ ይገባልን? እስቲ እንቍጠር። 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 መልክ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ 20ው የግዕዝ አኃዞች፣ እነ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም ሲጨመሩ ቍጥሩ ከዚህ ያልፋል። የላቲኑን ፊደል ሳንነካ የሚተርፈን ቦታ ግን 128 ነው። ስለዚህ በቀድሞ ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠንጠረዥ አወጡ። አንዳንዶቹ በላቲኑ ቦታ ላይ የእኛን ፊደል አስቀመጡ፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ክፍል አከፋፈሉት። በዘመኑ ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ነገር ግን በአንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ቢሮ ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነበር።

ይህን ችግር ያቃለለው ዩኒኮድ የሚባለው ሠንጠረዥ ነው። ዩኒኮድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቦታ ስላለው የዓለምን ፊደላት በአንድ ላይ ለመያዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትሙ ነው። በዚያም «ሀ» 4608ኛውን፤ «ለ» 4616ኛውን ቍጥር አገኙ።

ባይት ግን ከ255 በላይ አይይዝም ብለናል። ታዲያ 4608 እንዴት ይላካል? ለዚህ የሚያገለግለው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ሲሆን፤ እርሱንም ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 አወጡት። በዩቲኤፍ-8 የላቲን ፊደል በ1 ባይት፤ የእኛ ፊደል በ3 ባይት ይጻፋል። ስሌቱ በሒሳብ ክፍል ከምንማረው ማካፈል አይከብድም። ለ«ሀ» እንሥራው፤

4608ን ለ4096 ስናካፍል 1 ደርሶ 512 ይተርፋል።
512ን ለ64 ስናካፍል 8 ደርሶ 0 ይተርፋል።
በመጀመሪያው ድርሻ ላይ 224፤ በሁለተኛው ድርሻና በመጨረሻው ትርፍ ላይ 128 እንጨምራለን።
ስለዚህ 224+1=225፤ 128+8=136፤ 128+0=128።

እንግዲህ «ሀ» በመሥመር ላይ ሲጓዝ 225፣ 136፣ 128 የሚባሉ ሦስት ባይቶች ሆኖ ነው። በዚሁ አኳኋን «ሰላም» የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይት ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ጥያቄውና መልሱ

ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ከዋናው ቃል በፊት ቀን፣ የተቀባይ ስምና «ጉዳዩ» የሚል መሥመር አለው። ብራውዘርና ሰርቨርም የሚነጋገሩበት ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. የሚባለው ደንብ እንዲሁ ነው፤ ከጽሑፉ በፊት ራስጌ የሚባሉ መሥመሮች ይላካሉ። ከነዚህ አንዱ አክሴፕት-ቻርሴት ይባላል፤ «የምቀበለው የፊደል ሠንጠረዥ» ማለት ነው። በእውነተኛው ሥራ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እኛ ግን በራሳችን ፊደል እንዲህ እንጽፈዋለን፤

አክሴፕት-ቻርሴት: ዩቲኤፍ-8, አይኤስኦ-8859-1;ኪው=0.5, *;ኪው=0.1

የዚህ መሥመር አነባበብ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ሠንጠረዦቹ እርስ በርሳቸው በነጠላ ሰረዝ ይለያያሉ።

ለ) ከሠንጠረዡ ስም ቀጥሎ የሚመጣው «ኪው» የምርጫ ሚዛን ነው። ከ0 እስከ 1 ይደርሳል፤ ከነጥብ በኋላም እስከ ሦስት አኃዝ ሊኖረው ይችላል። ሚዛን ካልተጻፈ 1 እንደ ተጻፈ ይቈጠራል።

ሐ) ሚዛኑ 0 የሆነ ሠንጠረዥ «ይህንስ አልቀበልም» ማለት ነው።

መ) ኮከቡ «በስም ያልጠራኋቸው ሌሎች ሁሉ» ማለት ነው።

ስለዚህ ከላይ ያለው ጠያቂ «ከሁሉ ዩቲኤፍ-8ን እመርጣለሁ፤ እርሱ ባይኖር አይኤስኦ-8859-1 ይሁን፤ ሁለቱም ባይኖሩ ሌላም ቢሆን እሞክራለሁ» ማለቱ ነው። መላሹም በበኩሉ በምን ሠንጠረዥ እንደ ጻፈ በራሱ ራስጌ ያስታውቃል፤

ኮንቴንት-ታይፕ: ቴክስት/ኤችቲኤምኤል; ቻርሴት=ዩቲኤፍ-8

አሁን ወደ ወላጆች ቀን እንመለስ። አሮጌው ብራውዘር የላከው መሥመር ይህ ነበር፤

አክሴፕት-ቻርሴት: አይኤስኦ-8859-1, ዩቲኤፍ-8;ኪው=0.7, *;ኪው=0.7

ፕሮግራማችን ይህን አነበበ፤ ከፍተኛውን ሚዛን ያገኘው አይኤስኦ-8859-1 መሆኑን አየ፤ ገጹን ሁሉ ወደዚያ ሠንጠረዥ ለወጠ። በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ «አ» የለም፤ «በ»ም የለም። «የማይገኝ ፊደል ቢኖር በጥያቄ ምልክት ተካው» ብለን አዘነው ስለ ነበር ስሞቹን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተካ። አኃዞቹ በሠንጠረዡ ውስጥ ስላሉ ብቻ ተረፉ። ፕሮግራሙ ታዛዥ ነበር፤ አስተዋይ ግን አልነበረም።

ስሕተቱ ምን ላይ ነው? እንግዳ ወደ ቤታችን መጥቶ «ወተት ብታገኙ ደስ ይለኛል፤ ሻይም ቢሆን እጠጣለሁ» ቢለን፤ ወተት በቤት ባይኖር ምርጫውን አከበርን ብለን ባዶ ብርጭቆ አናቀርብለትም፤ ሻይ እናፈላለን እንጂ። አሮጌው ብራውዘርም ዩቲኤፍ-8ን በ0.7 እቀበላለሁ ብሎ ነበር። እኛ ግን የበለጠ የወደደውን ሰጠን ብለን ባዶ ብርጭቆ አቀረብንለት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ጽሑፉን ሳያጐድል ሊይዝ የሚችለው ሠንጠረዥ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የጠያቂው ምርጫ የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፤ ፕሮግራሙ ደረጃ በደረጃ

ያስተካከልነውን ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፈነዋል። በዚህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከ3.0 እትም ጀምሮ ለምንፈልገው ነገር ስም በግዕዝ ፊደል ማውጣት ይቻላል፤ የትእዛዝ ቃላቱ ግን የላቲን ናቸው። ስለዚህ ሁሉም እንዲረዳው የሥራውን ቅደም ተከተል በአማርኛ አቀርበዋለሁ። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይቀበላል፤ ራስጌውንና ሊላክ ያለውን ጽሑፍ። ከዚያም አንድ የሠንጠረዥ ስም ይመልሳል።

1. ራስጌው ከሌለ ወይም ባዶ ከሆነ ዩቲኤፍ-8ን መልስ፤ ሥራው ተፈጸመ።

2. ራስጌውን በነጠላ ሰረዙ ላይ ቍረጥ። እያንዳንዱን ቍራጭ ደግሞ በድርብ ሰረዙ ላይ ለሁለት ክፈል፤ የፊተኛው ስም፤ የኋለኛው ሚዛን ነው። በዙሪያቸው ያለውን ባዶ ቦታ አስወግድ።

3. ስሙን ወደ ትንሹ የላቲን ፊደል ለውጥ። በደንቡ ትልቁና ትንሹ ፊደል ልዩነት የላቸውምና። አንድ ሠንጠረዥ ብዙ ቅጽል ስም ሊኖረው ስለሚችልም (ለምሳሌ አይኤስኦ-8859-1 «ላቲን-1» እየተባለ ይጠራል) ሁሉንም ወደ አንድ ስም መልስ።

4. ሚዛን ካልተጻፈ 1 ያዝ። የተጻፈው ቍጥር ካልሆነ፤ ወይም ከ0 በታች ወይም ከ1 በላይ ከሆነ፤ ያንን ቍራጭ ተወው። ለአንድ የተሳሳተ ቍራጭ ብለህ ጠያቂውን ሁሉ አታባርር።

5. ሰርቨሩ ሊጽፍባቸው የሚችላቸውን ሠንጠረዦች በተራ ውሰድ፤ የእኛው ዩቲኤፍ-8፣ አይኤስኦ-8859-1ና አስኪ ናቸው። በእያንዳንዱ ጽሑፉን ለመለወጥ ሞክር፤ በጥያቄ ምልክት መተካት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። አንዲት ፊደል እንኳ የማትገባበት ሠንጠረዥ ከውድድሩ ይውጣ።

6. ለቀሩት ሠንጠረዦች ሚዛናቸውን ስጥ። በስሙ የተጠራ የራሱን ሚዛን ይውሰድ፤ ያልተጠራ ግን ኮከብ ካለ የኮከቡን ሚዛን፤ ኮከብ ከሌለ 0 ይውሰድ።

7. ሚዛኑ ከ0 በላይ ከሆኑት ከፍተኛውን ምረጥ። ሁለቱ እኩል ቢሆኑና አንዱ ዩቲኤፍ-8 ቢሆን ዩቲኤፍ-8 ይቅደም።

8. አንድም ካልተገኘ ሁለት መንገድ አለ፤ ደንቡም ሁለቱንም ይፈቅዳል። አንደኛው «በምትቀበለው መንገድ ላቀርብልህ አልችልም» የሚል ትርጕም ያለውን 406 የተባለ መልስ መስጠት ነው። ሁለተኛው ምርጫውን ትቶ ጽሑፉን መላክ ነው። እኛ እንዲህ ወሰንን፤ ጠያቂው ዩቲኤፍ-8ን በስሙ ወይም በኮከቡ በኩል 0 ሰጥቶት ከሆነ 406 ይመለስለት፤ ዝም ብሎ ሳይጠራው ቀርቶ ከሆነ ግን ዩቲኤፍ-8 ይላክለት። ያልጠራው ነገር ሁሉ የጠላው ነገር ላይሆን ይችላልና።

ሠንጠረዡ ከተመረጠ በኋላ ሁለት ግዴታዎች ይቀራሉ። አንደኛው፤ በምን ሠንጠረዥ እንደ ተጻፈ በኮንቴንት-ታይፕ ራስጌ ማስታወቅ ነው። ሁለተኛው፤ ቫሪ የሚባለውን ራስጌ መጨመር ነው፤

ቫሪ: አክሴፕት-ቻርሴት

ይህም «ይህ መልስ የተዘጋጀው በጠያቂው የፊደል ምርጫ መሠረት ነው፤ ምርጫው ለተለየ ለሌላ ሰው እንዳለ አትስጡት» ብሎ በመካከል ገጽ አስቀምጠው ለሚያድሉ ፕሮግራሞች የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ የራሳችንን ማስቀመጫ ስንሠራ ይህን ባለማሰባችን የአንዱ በሽታ ወደ ሁሉ ተላለፈ።

ፕሮግራሙን ከጨረስን በኋላ በአራት ጥያቄዎች ፈተንነው። ራስጌ ሳይላክ «አበበ 91» ሲጠየቅ ዩቲኤፍ-8ን መለሰ። በአሮጌው ብራውዘር መሥመር ያው ጽሑፍ ሲጠየቅ፤ አይኤስኦ-8859-1ና አስኪ በአምስተኛው ደረጃ ስለ ወደቁ አሁንም ዩቲኤፍ-8ን መለሰ። በዚያው መሥመር «91 38 74» ብቻ ሲጠየቅ አይኤስኦ-8859-1ን መለሰ፤ አኃዞቹ ሁሉ በዚያ ይገባሉና የጠያቂው ምርጫ ተከበረ። በመጨረሻም «ዩቲኤፍ-8;ኪው=0» ተብሎ የአማርኛ ስም ሲጠየቅ 406ን መለሰ። ከዚያ አሮጌውን ኮምፒዩተር አስነሣነው፤ ስሞቹም በመስኮቱ ላይ አንድ በአንድ ታዩ።

አራተኛ፤ የተበላሸ ጽሑፍ ሦስት መልኮች

ወላጆችና መምህራንም ቢሆኑ በስልካቸው ወይም በቢሯቸው ኮምፒዩተር የተበላሸ አማርኛ ሳያጋጥማቸው አይቀርም። መልኩን አይቶ በሽታውን መለየት ስለሚቻል ይህን ክፍል በተለይ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።

የመጀመሪያው መልክ ባዶ ሣጥን ነው። ይህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጐደለው የፊደሉን ቅርጽ የሚሥለው ፎንት ነው። ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይታያል።

ሁለተኛው መልክ የላቲን ፊደላትና እንግዳ ምልክቶች ክምር ነው። ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 የሚባሉትን የ«ሀ» ባይቶች ዊንዶውስ-1252 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ የሚያነብ ፕሮግራም፤ በላይዋ ጭረት ያለባትን የላቲን «ኤ»፣ አንዲት የቆብ ምልክትና የዩሮ ገንዘብ ምልክት ያሳያል። ሲያዩት ያስጠላል፤ ነገር ግን ባይቶቹ አልተነኩም፤ የተሳሳተው የንባቡ ሠንጠረዥ ነው። ትክክለኛው ሠንጠረዥ ሲነገረው «ሀ» ተመልሳ ትመጣለች። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ያንን የተበላሸ መልክ እንዳለ ላለማስቀመጥ ነው፤ እንደገና ቢቀመጥ ስሕተቱ በስሕተት ላይ ይደረባልና።

ሦስተኛው መልክ የጥያቄ ምልክት ነው። ባይቶቹ በእውነት ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጠው ከተቀመጡ መድኃኒት የለውም። የጥያቄ ምልክት ቍጥሩ 63 ነው። «አበበ» 63፣ 63፣ 63 ሆነ፤ «ከበደ»ም 63፣ 63፣ 63 ሆነ። ከዚህ በኋላ አበበን ከከበደ የሚለይ አንዳች ነገር በኮምፒዩተሩ ውስጥ የለም። የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ቢሰበሰቡ ከሦስት 63 ውስጥ ስም ሊያወጡ አይችሉም። እኛንም ያዳነን በመደርደሪያ ላይ የነበረው ወረቀት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ፕሮግራም ሊሠራው ያልቻለውን ነገር «አልቻልሁም» ብሎ በግልጽ ቢናገር፤ ሠሪው ያስተካክለዋል። ስሕተቱን በጥያቄ ምልክት ሸፍኖ ቢያልፍ ግን ጥፋቱ የሚታወቀው ከመሸ በኋላ ነው።

አምስተኛ፤ ዛሬ ነገሩ የት ደርሷል?

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሁሉ ካነበብህ በኋላ አክሴፕት-ቻርሴት ዛሬ በሥራ ላይ ነውን ብለህ ብትጠይቅ፤ እየቀረ ነው እልሃለሁ። የታወቁት አዳዲስ ብራውዘሮች አይልኩትም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የወጣውም የኤች.ቲ.ቲ.ፒ. ደንብ ይህ ራስጌ ከእንግዲህ ሊሠራበት የማይገባ መሆኑን አስታውቋል። ምክንያቱም ዩቲኤፍ-8 በሁሉ ቦታ ስለ ተስፋፋ ረጅም የምርጫ ዝርዝር መላክ መሥመሩን ያለ ጥቅም ያጨናንቃል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ብራውዘር የሚልከው ዝርዝር የተለየ ሲሆን፤ ሰውየው ስሙን ሳይናገር በዚያ ምልክት ሊታወቅ ይችላል። ምርጫን መግለጽ ራስን መግለጽም ነውና።

ስለዚህ ዛሬ አዲስ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ደንቡ አጭር ነው፤ ሁልጊዜ በዩቲኤፍ-8 ጻፍ፤ በዩቲኤፍ-8 መጻፍህንም ሁልጊዜ አስታውቅ። የአሮጌ መሣሪያ ጥያቄ ቢመጣብህ ግን ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል መርምረህ መልስ።

ትምህርቱ ግን አላረጀም። የቋንቋ ምርጫ የሚነገርበት አክሴፕት-ላንጕጅ የተባለው ራስጌ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ሚዛኑም ያው ነው። «አማርኛ፤ ካልሆነም እንግሊዝኛ በ0.5» ብሎ የሚጠይቅ ስልክ በዚሁ መንገድ ይስተናገዳል። የሠንጠረዥ ምርጫም በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ከአንድ ባይት ባነሰ ቦታ ስለሚቀመጥ 160 ፊደል ይገባበታል። በአማርኛ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል። በላቲኑ መካከል አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ ሁሉ ወደ 70ው ስፍር ይዞራል። ይህን የሚወስነው ስልኩ ነው፤ ሲወስንም እኛ በጻፍነው መልእክት መካከል ፊደል የማያጐድለውን ሠንጠረዥ መፈለጉ ነው።

መልመጃ

1. «አ» በዩኒኮድ 4768ኛዋ ናት። በዩቲኤፍ-8 ሦስቱ ባይቶች ስንት ስንት ናቸው?

2. «ሰላም 2» የሚለው ጽሑፍ፤ ባዶ ቦታው 1 ባይት መሆኑን አስበህ፤ በዩቲኤፍ-8 ስንት ባይት ይሆናል?

3. ጠያቂው «ዩቲኤፍ-8;ኪው=0.4, አይኤስኦ-8859-1;ኪው=0.9, *;ኪው=0» ቢልና የሚላከው ጽሑፍ «ዋጋ 50» ቢሆን የእኛ ፕሮግራም የትኛውን ይመርጣል? ጽሑፉ «50» ብቻ ቢሆንስ?

4. በጥያቄ ምልክት የተተካና በተሳሳተ ሠንጠረዥ የተነበበ ጽሑፍ ቢቀርቡልህ የትኛውን ለማዳን ትሞክራለህ? ለምን?

መልስ፤ 1) 225፣ 138፣ 160። 2) 11 ባይት። 3) በመጀመሪያው ዩቲኤፍ-8ን፤ በሁለተኛው አይኤስኦ-8859-1ን። 4) በተሳሳተ ሠንጠረዥ የተነበበውን፤ ባይቶቹ ስላልጠፉ።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። መልአክ ያወጣውን ስም እኛ በአንድ መሥመር ትእዛዝ ወደ ሦስት የጥያቄ ምልክት ለወጥነው። ያንን ያደረግነው በክፋት ሳይሆን፤ ፕሮግራማችን ጠያቂውን እሺ ማለቱ ይበቃል ብለን ስላሰብን ነው። ነገር ግን በጠያቂው ብራውዘር ጀርባ የልጃቸውን ስም የሚፈልጉ እናት ተቀምጠው ነበር። ምርጫው ከሚዛን ላይ የወጣው ለብራውዘሩ ነው፤ ጽሑፉ ግን ለእርሳቸው ነበር።

እኚያ እናት በነጋታው ተመልሰው መጡ። በአሮጌው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የልጃቸውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ በአጠገቡ ያለውንም ቍጥር አዩ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ተባረክ ልጄ፤ ወረቀቱንስ አስቀምጣችሁታል?» አሉኝ። «አዎን እትዬ፤ አስቀምጠነዋል» አልኋቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በክበባችን ሁለት ደንብ አለ፤ ዋናው ዝርዝር አይሰረዝም፤ ያልገባ ፊደልም በጥያቄ ምልክት አይተካም።